ቀን ግድግዳ፣ ማታ ሰው

በዚህች አገር በእኔ ድምፅ ያላደገ ልጅ የለም። ካለም ገና አልተወለደም። አርባ ሚሊዮን ልጅ የምንለው በትሕትና ነው፤ ከድንበር ማዶ ሰርቀው የሚያዩኝን አልቆጠርንም። መንገድ ላይ ፊቴን የሚያውቀው የለም፤ አፌን ከከፈትኩ ግን ታክሲ ይቆማል። አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ «ይቺ ናት የምታመኝ» ስል ሐኪሟ መርፌዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ጋሽ ጃርት እኔ ነኝ። ያፌት ብለው የሚጠሩኝ እናቴና አለቃዬ ብቻ ነበሩ።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በየቤቱ ግድግዳው ይበራል። ጋሽ ጃርት ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ይጠራል። እራት ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጥርስ ያስቦርሻል፤ ከዚያ መዝሙሯን ያወጣል፦ «ዛሬ ቤታችን ማን መጣ? ምን አወራ? ምን አመጣ?» ልጁ ይናገራል። ሲናገር የጃርቱ እሾህ እንደ ድመት ፀጉር ይተኛል። ሲደብቅ እሾሁ ቀጥ ይላል። እሾህ በቆመበት ፎቅ በማግስቱ ሊፍት አይሠራም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ጫማውን አጥብቆ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ይወርዳል። ጤና ነው ይባላል።

ሁሉም ቤት የምገባው እኔ ራሴ አይደለሁም፤ ቅጂዎቼ ናቸው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የጃርቱን አሻንጉሊት አጥልቄ፣ በገዛ ጉሮሮዬና በገዛ እጄ ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት እጫወታለሁ፤ አገር ያያል። በዚያው ቅጽበት ቅጂዎቼ ከእኔ ይማሩና ያደረግሁትን በየቤቱ ያደርጉታል። እኔ ሳስነጥስ አርባ ሚሊዮን ጃርት ያስነጥሳል። እንዲህ ያስነጠሰ ሰው በታሪክ አለ ከተባለ ይምጣና እንተያይ።

ሰውም መላ አያጣም። ቤት እንግዳ ከመጣ ለልጁ «ታንከር ጠጋኝ ነው» ይባላል። አጎት ታንከር ጠጋኝ ነው። የንስሐ አባት ታንከር ጠጋኝ ናቸው። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች ሦስት ታንከር ጠጋኞች ናቸው፤ አንዱ ከዘራ ይዘዋል። በመምሪያችን ስሌት በዋና ከተማው ያለ ታንከር ሁሉ በየሁለት ቀኑ ይጠገናል። ውሃ ግን የለም።

መምሪያችን የልጆች ደስታ መምሪያ ይባላል። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሶልያና ናቸው። ሲደሰቱም ሲቆጡም አንድ ዓይነት ፈገግታ ነው ያላቸው፤ ልዩነቱን ከቅንድባቸው ነው የምናነበው። አንድ ዓርብ ጠሩኝ።

«የነገዋ ልጅ ትርንጎ ትባላለች» አሉኝ። «ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሥራ ከጠፋ ሰንብቷል። እየተፈለገ ነው።»

«ምን አጠፋ?»

«የእኛን ግድግዳዎች የሚገጥም ባለሙያ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ለሰው አወራ።»

«ምን አለ?» አልኩ፤ እኔ አላስችል ብሎኝ።

ቅንድባቸው ተነሣ። «ያፌት፣ አንተ ፊት ለፊት ነው የተቀጠርከው።»

«እሺ፤ ታዲያ ስለ አባቷ ልጠይቃት?»

«እንዳትጠይቃት! አጫውታት። ልጅ ሲጠይቁት ይደብቃል፤ ሳይጠይቁት ነው የሚዘከዝከው።»

«ለእኔ ነው ይህን የሚነግሩኝ? እኔ እኮ ድመት አጫውቼ የጎረቤት ምስጢር ያወጣሁ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። ባለፈው ስትነግረኝ ድመቷ ውሻ ነበረች።»

ደግሞ መጫወቻው እንቆቅልሽ ነበር። በእንቆቅልሽ እኔን ያሸነፈ ልጅ የለም፤ ሽማግሌም የለም። እርግጥ ጆሮዬ ውስጥ ሹክ የምትል ነገር አለች። ልጁ ጠይቆ ሳይጨርስ መልሱን ትነግረኛለች፤ በዚህ ምድር ላይ ከተጠየቀው እንቆቅልሽ የማታውቀው የለም። እኔም ብሆን ያለ እሷ ግማሹን አውቃለሁ። ከግማሽ በላይ። ጨዋታው በእኛ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ተለውጦበታል፦ የተሸነፈ ሰው «አገር ስጠኝ» አይባልም፤ «ነጥብ ስጠኝ» ነው የሚባለው። አገር ለማንም አይሰጥም ተብሎ በመመሪያ ወጥቷል። ልጆቹም «ጎንደርን ሰጠሁህ፣ ባሌን ሰጠሁሽ» መባባል ከተረሳቸው ቆየ። ለነገሩ ጋሽ ጃርት ስለማይሸነፍ ነጥቡንም ሰጥቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ስቱዲዮ ገባሁ። መብራቱ ሲበራ ትርንጎ ከነእናቷ፣ ቤታቸው እንዳሉ፣ ከፊቴ ባለው ግድግዳ ላይ ታዩኝ። የላይ ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ዱካ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እናቷ ከኋላዋ ቆማ እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች፤ ፈገግ ብላለች፣ ፈገግታው ግን የተዋሰችው ይመስል ነበር። ከእናትየው ጀርባ ያለው ግድግዳ ሌላው ቤት ካለው ትንሽ ወደ ፊት የቀረበ መሰለኝ። ቤቱ ጠባብ ነው አልኩና ተውኩት።

«እንዴት አመሸሽ፣ ትርንጎ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሽ ጃርት፣ አፍንጫህ ተልጧል።»

«ልጆች ሲስሙኝ ነዋ! ይህን አፍንጫ ስንት ሚሊዮን ልጅ ስሞታል መሰለሽ?»

«እኔ አልሳምኩህም።»

«ቅናት ነው። እራት በላችሁ?»

«ሽሮ በላን። ሳህኑንም አጠብን። ሁለቱን እኔ አጠብኩ፣ አንዱን እማዬ።»

«ሦስት» አለች ጆሮዬ።

የእናትየዋ ጣቶች ልጅቷ ፀጉር ውስጥ ቆሙ። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት በልቤ የነበረው ኩራት ነው፤ ልክ መረብ ጥሎ ውሃው ሲነቃነቅ እንዳየ ዓሣ አጥማጅ። ይኸው ሳልጠይቅ መጣ! ግን እጄ አሻንጉሊቱ ውስጥ ሆኖ አፌ ያላሰብኩትን ተናገረ፦ «ታንከር ጠጋኝ መጥቶ ነበር ማለት ነው!»

«አዎ» አለች እናትየው ቶሎ። «ታንከር ጠጋኝ መጥቶ ነበር።»

አገር በየቤቱ ምን እንዳለ አላውቅም። ስቱዲዮው ውስጥ ግን ካሜራው አጠገብ የነበሩት ሰዎች መሬት መሬት አዩ።

«አሁን ተራው የኔ ነው» አለች ትርንጎ። «እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ቀን ቀን ግድግዳ፤ ማታ ማታ ሰው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚይዝ።»

መልሱን ጠበቅሁ። ጆሮዬ ዝም አለች። ዝም ብላ አታውቅም! የአባይን ወንዝ ድንገት ደርቆ እንደማግኘት ነው። ይህን እንቆቅልሽ ከዚህ በፊት የጠየቀ ሰው በምድር ላይ አልነበረም፤ ልጅቷ ራሷ ናት የፈጠረችው። እኔም ሳላስበው ደስ አለኝ። ሁልጊዜ የምጠየቀው መልሱን የማውቀውን ነው፤ እውነተኛ እንቆቅልሽ እንዴት ያሳክካል! ምን ይሆን? ቀን ግድግዳ፣ ማታ ሰው… ቀና ስል የእናትየውን ፊት አየሁ። ከከንፈሯ ላይ ደሙ ሄዷል። ከጀርባዋ ወደ ፊት የቀረበውን ግድግዳ አየሁ። ሦስቱን ሳህን አሰብኩ። ግድግዳ ገጣሚ ነበር ያሉኝን አሰብኩ።

አወቅሁት። ያለ ጆሮዬ፣ በገዛ ጭንቅላቴ አወቅሁት።

ጨዋታው ደግሞ ሕግ አለው፦ ካልመለስኩ ልጅቷ ራሷ መልሱን ትናገራለች፤ አገር እየሰማ። ከመለስኩም ያው ነው። በዚያች ደቂቃ የአንድ ሰው ነፍስ በጥርሰ ወላቃ ልጅ ምላስ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለምን እንዳደረግሁት እስካሁን አላውቅም፤ በዕድሜዬ ያላወቅሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?»

«መልሱ! ቀን ቀን ቤታችሁ ውስጥ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ማታ እበራለሁ፣ እናገራለሁ፣ እስቃለሁ። ስስቅ ደግሞ አፌን የሚይዘው እጅ ነው፤ ይኸው እዪ!» ብዬ አሻንጉሊቱን ከፍ አድርጌ ክንዴን እስከ ክርኔ አሳየኋት። ጋሽ ጃርት ውስጥ የሰው እጅ እንዳለ አገር ያየው ያን ዕለት ነው። ካሜራው አጠገብ አንድ ሰው «ወይኔ» ሲል ሰማሁ።

ትርንጎ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እጄን መረመረችው። ነገሩ ሊገጥምላት ምንም አልቀረውም። ቀን ግድግዳ፣ ልክ ነው። አፉን በእጅ፣ ልክ ነው።

«አይደለህም» አለች መጨረሻ ላይ።

«እንዴት አይደለሁም?»

«አንተ ሰው አይደለህማ! ተሸነፍክ። አገር ስጠኝ!»

አሁን ጆሮዬ ተከፈተች፤ የመጣው ግን የወይዘሮ ሶልያና የገዛ ድምፃቸው ነው፦ «ነጥብ! ነጥብ ስጣት!»

«አሥር ነጥብ ሰጠሁሽ፣ ትርንጎ።»

«ነጥብ ምን ይሠራል? አገር ነው የሚሰጠው። እንደዚያ ነው ያለኝ…»

«ማን እንዳላት ጠይቃት» አለችኝ ጆሮዬ።

አልጠየቅሁም። ስርጭቱን እንደማያቋርጡት አውቃለሁ። ባለፈው ጊዜ ግድግዳው ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ሰው ሁሉ በረንዳ ወጥቶ እርስ በርሱ ሲያወራ አምሽቷል፤ መምሪያው ከዚያ ወዲያ ከጨለማ የበለጠ የሚፈራው ነገር የለም። ስለዚህ እስከ መዝሙሩ ሰዓት ድረስ መድረኩ የእኔ ነው። ወሬ ማስረዘም ከሆነ ደግሞ ለማን ብዬ!

«ዝዋይን ሰጠሁሽ!» አልኩ። «ከነሐይቁ። ዓሣው ከትልቅነቱ የተነሣ ሲገላበጥ የሻሸመኔ ሰዎች ዝናብ የዘነበ ይመስላቸዋል።»

«ዓሣ አጥንት አለው። አልፈልግም።»

«ጅማን ሰጠሁሽ! ማሩ በቧንቧ ነው የሚመጣ። ንቦቹ በግ ያካክላሉ፤ ጠዋት ጠዋት እረኛ ነው የሚያሰማራቸው።»

«በግ የሚያክል ንብ ቢነድፈኝስ?»

ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው።

«እንግዲያው ዋና ከተማውን ራሱን ሰጠሁሽ! ከነአደባባዩ፣ ከነቤተ መንግሥቱ፣ አገር ከሚመሩት ከዋናው አስተባባሪ ወንበር ጋር! ወንበሩ ይሽከረከራል፤ አንዴ ከገፉት እስከ ጥምቀት አይቆምም።»

ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ብርጭቆ ሰበረ።

ትርንጎ ግን ሰለቸች። «እዚያ እኮ ነው ያለሁት» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ፣ ለእኔ ብቻ እንደምታወራ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ጃርት፣ ግድግዳ የሌለው አገር የለህም?»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች።

«አለኝ» አልኩ፤ ድምፄን የማላውቀው ሰው የተዋሰው መሰለኝ። «ከታች፣ ከዳሎል በኩል፣ የጨው ሜዳ አለኝ። ነጭ ነው። ከዚህ ጫፍ ቆመሽ በዚያ ጫፍ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› ትይዋለሽ።»

«ቤትስ?»

«የለም።»

«ቀንም ሰው ሰው ነው?»

«ቀንም ሰው ነው፤ ማታም ሰው ነው።»

«እሱን ስጠኝ።»

«ሰጠሁሽ። ከነጨውሽ፣ ከነሰማይሽ።»

ዱካው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ እግሯን ማወዛወዝ ተወች። «እሺ» አለች። «እንግዲህ መልሱን ልንገርህ።»

«ዝም በል» አለችኝ ጆሮዬ። «ትናገር።»

«ቆይ ቆይ!» አልኩ። «አንቺ ሕጉን ረሳሽው እንዴ? አገር የተሰጠው ሰው ባለ አገር ነው። ባለ አገር አይጠየቅም! ደስ ካለው ይናገራል፤ ካላሰኘው እንቆቅልሹን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። ይህ ከጥንት ከአባት ከአያት የመጣ ሕግ ነው።» ከጥንት አልመጣም። እዚያው አጠገቤ ነው የተወለደው።

ምላሷን በወለቀው ጥርስ በኩል አውጥታ አሰበች። አርባ ሚሊዮን ልጅ አብሮ አሰበ።

«አላሰኘኝም» አለች።

መዝሙሩ ገባ።

ከዚያ የሆነውን የሚያምነኝ የለም፤ እኔ ደግሞ ቀንሼ ነው የምነግራችሁ። ቅጂዎቼ ከእኔ ተምረው ኖሮ በዚያው ሰዓት በየቤቱ ጃርት ሁሉ አገር ማደል ያዘ። «ዛሬ ቤታችን ማን መጣ?» ሲባል ልጅ ሁሉ «መጀመሪያ አገር ስጠኝ» አለ፤ ተሰጠው፤ ባለ አገር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ አላሰኘውም። መዝሙሩ ሳያልቅ ስድስት ሺህ ልጅ ሐዋሳን ይዟል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አውሮፕላን ማረፊያውን ወስዳ አባቷ ግብር ይከፈልበት ይሆን ብሎ ቀበሌ ስልክ መታ። መንትዮች በአዋሽ ወንዝ ተጣልተው አንዱ ተነከሰ።

ወይዘሮ ሶልያና ቢሮ ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ ያሉት ስልኮች በሙሉ ይጮኻሉ። ፈገግ ብለዋል። ቅንድባቸው የት እንደደረሰ አልነግራችሁም።

«አገሪቱን ጨርሰህ ሰጠሃት፣ ያፌት።»

«አላለቀችም። አንድ ሁለት ወረዳ ተርፏል።»

«ተቀመጥ። መልሱ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ ብዬ የለ?»

«ልጅቷ አይደለህም አለች።»

«ልጅ ናት፤ መሸነፍ ማን ይወዳል?»

«ቀን ግድግዳ» አሉ ለራሳቸው። «ማታ ሰው።» እርሳቸውም እንደ እኔው አሳከካቸው፤ አየሁት። ልጅ ሳሉ ይህን ጨዋታ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከቢሮው ግድግዳ ላይ ሄዶ ቆመ። ፈገግታቸው ሳይነቃነቅ ከንፈራቸው ብቻ ተናገረ። «ግድግዳ ገጣሚ ነበር።»

እጃቸው ወደ አንዱ ስልክ ሄደ።

«ወይዘሮ ሶልያና» አልኩ፤ ያ አገር የሚያቆም ድምፅ እንደ ዝንብ ሆኗል። «ጋሽ ጃርት ተሳስቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔ በአገር ፊት መልሱ እኔ ነኝ ብያለሁ። ሰው ልከው ያንን ግድግዳ ካስፈረሱ መልሱ ሌላ ነበር ማለት ነው። ጋሽ ጃርት በስድስት ዓመት ልጅ ተሸነፈ፤ መምሪያውም ተሸነፈ፤ ያውም ጥርስ በሌላት። አርባ ሚሊዮን ልጅ ነገ ይህንን ነው የሚያወራው። ዋናው አስተባባሪስ ሲጠይቁዎት ምን ይላሉ?»

ስልኩ ከእጃቸው ሥር ይጮኻል። ምን እያሰቡ እንደነበር ለማወቅ ያን ዕለት ዝዋይንም ጅማንም መልሼ በሰጠሁ! መጨረሻ ላይ አነሡት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። መልሱ ጋሽ ጃርት ነው… ተረጋግጧል… አይ፣ ማንም ወደዚያ ቤት እንዳይሄድ። ከሄዳችሁ እኮ መልሱን ተጠራጠራችሁ ማለት ነው።» ስልኩን አስቀመጡ። «አንተ ግን ከነገ ጀምሮ ቤትህ ተቀመጥ። ድምፅህ ይበቃናል።»

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደማንኛውም ሰው ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳዬን አየሁ። በገዛ ድምፄ ጋሽ ጃርት ወጣና «የትላንቱ እንቆቅልሽ መልስ እኔ ነኝ!» አለ። በፎቁ ላይ፣ በፎቁ ሥር፣ ከማዶ ካለው ሕንፃ፣ በመስኮት በኩል የልጆች ድምፅ ተሰማ። እንዲህ የሚያህል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን ስል ምንም አልጨመርኩበትም። «አይደለህም!» ነው የሚሉት።

ከእነሱ እውነተኛውን መልስ የሚያውቅ የለም። ይሁንና አይደለም የተባለውን ነገር ልጅ ዝም ብሎ አይተወውም። መፈለግ ጀመሩ። በመጀመሪያ ቁም ሣጥን፣ አልጋ ሥር። ከዚያ አንዱ ልጅ ግድግዳ ማንኳኳት ጀመረ መሰለኝ፣ ሌላው ከማዶው መለሰለት፤ አሁን በየሕንፃው ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰማው እሱ ነው። ኳ ኳ። ጆሮ ለጥፎ መስማት። ኳ። ወላጆች ተዉ ይላሉ፤ ልጆቹ «ባለ አገር ነን» ይላሉ። የመምሪያው ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እያጠኑት ነው አሉ።

የትርንጎ ቤት እስከዛሬ ሰው አልሄደም። ይህን ያህል ነው የማውቀው።

ትላንት ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ከጎረቤት በኩል፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ፣ ግድግዳዬ ተንኳኳ። የጎረቤቴን ልጅ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

«ሰው አለ?» አለ።

አፌን ልከፍት ነበር፤ ድምፄን ከሰማ መልሱ ጋሽ ጃርት ነው ብሎ ያምን ይሆናል ብዬ ተውኩት። ወንበሬን ጎትቼ ተጠጋሁና በጣቴ አንኳኳሁለት።